የጀልባ ሞተር ካምቢዮ ውስጥ ውኃ እየገባ አስቸገረኝ፤ ኦይል ሲሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል

የጣና ጀልባ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ላይ ተሳላሚዎችንና ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ በማመላለስ የምተዳደር ሰው ነኝ። የጀልባዬ ሞተር የጃፓን ሥሪት፣ ባለሁለት ምት፣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ያገለገለ ሆኖ ገዝቼው እኔ ጋ ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። የላይኛው ክፍል፣ ማለትም ሲሊንደሩና ካርቡሬተሩ፣ እስካሁን ችግር የለበትም። ያስቸገረኝ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው የታችኛው ክፍል፣ ማርሾቹና የፕሮፔለሩ ዘንግ ያሉበት ካምቢዮ ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ የሐይቁ ውኃ በሸሸበት ወቅት፣ ወደ ዳር ስጠጋ ፕሮፔለሩ ድንጋይ መታ። አንደኛው ክንፍ ስለተቆለመመ ፕሮፔለሩን ቀይሬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ የካምቢዮውን ዘይት ለመቀየር የታችኛውን ብሎን ስፈታ መጀመሪያ የወጣው ዘይት ሳይሆን አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ውኃ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ዘይት ደግሞ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስል ነበር። የመኪና መካኒክ የሆነ ወዳጄ ከፕሮፔለሩ በስተኋላ ያሉትን ኦይል ሲሎች፣ ማለትም ዘንጉን ከብበው ዘይትና ውኃ የሚያግዱትን የጎማ ቀለበቶች፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ልካቸውን ፈልጎ ቀየረልኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ውኃው ተመልሶ ገባ። እንደገና ቀየርን፤ አሁንም ገባ።

በዚህ ላይ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የፊት ማርሽ አስገብቼ ጋዝ ስጨምር፣ በተለይ ጀልባው ሰው ሲሞላ፣ ማርሹ «ቋ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ይወጣና ይመለሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘይቱን ትቼ ካምቢዮውን በግሪስ እንድሞላው ይመክረኛል፤ ሌላው ደግሞ ያገለገለ ሙሉ የታችኛ ክፍል ፈልጌ እንድገጥም ይነግረኛል። የመጀመሪያው ምክር አልተዋጠልኝም፣ ሁለተኛው ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነው። ይህን ሥራ በእጄ መሥራት የምችል ከሆነ ከየት ልጀምር? ውኃው ኦይል ሲል ተቀይሮም የሚገባው ለምንድን ነው?

የጫሞ መካኒክ

እንደምን አሉ፣ ወንድሜ። አርባ ምንጭ ላይ የጀልባ ሞተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የገለጹትን ዓይነት ማኪያቶ በየዓመቱ አያለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ወዳጅዎ ኦይል ሲሉን ሲቀይር ውኃው በዚያ በኩል እንደሚገባ በምን አረጋገጠ? ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት በግምት ነው የቀየረው። ግምቱ መጥፎ አይደለም፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሚገባው በዚያው ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ካልዳነ ሦስተኛ መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

ውኃ ወደ ካምቢዮው የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። ዘይት የሚፈስበትና የሚተነፍስበት ሁለት ብሎኖች አሉ፤ የእነርሱ ሮንዴላ ደጋግሞ ሲጠብቅ ይጨፈለቅና ማገድ ያቅተዋል። በሳንቲም የሚገዛው ይህ ሮንዴላ ስንቱን ሰው ካምቢዮ እንዳስፈታ ብነግርዎ ይገርምዎታል። ከዚያ የፕሮፔለሩ ዘንግ ኦይል ሲሎችና እነርሱን የተሸከመው የኩሽኔታ መያዣ ዙሪያ ያለው ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማገጃ) ይመጣሉ። ከላይ ደግሞ ከሞተሩ የሚወርደው ቋሚ ዘንግ ወደ ካምቢዮው በሚገባበት፣ ከውኃ ፓምፑ ሥር፣ ሌላ ጥንድ ኦይል ሲል አለ። ማንም የማያስታውሰው የማርሽ መቀየሪያው ቀጭን ዘንግ የሚያልፍበት ትንሽ ማገጃም አለ። ድንጋይ የመታ ሞተር ሲሆን የአሉሚኒየሙ ቤት ራሱ ተሰንጥቆ እንደሆነም ይታያል።

ስለዚህ ካምቢዮውን ሳይበትኑ በንፋስ ይፈትሹት። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱና የታችኛውን ብሎን በአዲስ ሮንዴላ ይዝጉ። ቶርኖ ቤት ሄደው ጥርሱ ከላይኛው ብሎን ጋር አንድ የሆነ ሌላ ብሎን መሐሉን ያስበሱና የብስክሌት ከመነዳሪ ቫልቭ ያስበይዱበት። ይህን በላይኛው ቀዳዳ አጥብቀው፣ ግፊት መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ከ0.7 ባር ጀምረው እስከ 1 ባር ድረስ ንፋስ ይሙሉ። ከዚያ በላይ አይሂዱ፤ ደህናውን ሲል ራሱ ከቦታው ይገፋዋል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በቀጥታ መግጠም ፈጽሞ አይሞከር።

ከዚያ የታችኛውን ክፍል ከሞተሩ አውርደው ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይንከሩትና አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይመልከቱ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የፕሮፔለሩን ዘንግ በእጅዎ በዝግታ ያዙሩት፣ ቋሚውን ዘንግ ያዙሩት፣ የማርሽ መቀየሪያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። ቆሞ ሲያዩት የማያፈስ ሲል ዘንጉ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ብቻ አረፋ የሚተፋበት ጊዜ አለ።

የእኔን ጥርጣሬ ልንገርዎት። ሞተሩ ድንጋይ መትቷል፣ ውኃ መግባት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የፕሮፔለሩ ዘንግ በጥቂቱ እንኳ ከተጣመመ በየዙሩ የሲሉን ከንፈር፣ ዘንጉን የሚነካውን ስስ ጠርዝ፣ በአንድ በኩል እየገፋ ይከፍተዋል፤ የፈለጉትን ያህል አዲስ ሲል ቢያስገቡ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ለማረጋገጥ ፕሮፔለሩን ያውልቁና ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው፣ የአንድ ሽቦ ጫፍ ዘንጉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እንዲቆም ከቤቱ ላይ ያስሩ። ዘንጉን ሲያዞሩ በሽቦውና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት በዓይን የሚታይ ያህል ከሰፋና ከጠበበ ዘንጉ ተጣሟል፤ ያን ጊዜ ሌላ ዘንግ ከመፈለግ ውጭ መፍትሔ የለውም።

ዝዋይ ዳር

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክለኛ ቢሆንም ለእኛ ለዓሣ አስጋሪዎች ጊዜም ገንዘብ ነው። እኔ ባለ 15 ፈረስ ሞተሬ ውኃ ሲያስቸግረው ካምቢዮውን በግሪስ ሞልቼ አንድ ዓመት ሙሉ ሠርቼበታለሁ፣ ውኃም አልገባበትም። ጠያቂው የወቅቱን ሥራ ሳያቋርጡ እስኪጨርሱ ድረስ ይህን ቢያደርጉ ምን ጉዳት አለው?

የጫሞ መካኒክ

ጉዳቱን በአጭሩ ላስረዳ። ዘይት ማርሹ ሲዞር ተረጭቶ ተመልሶ ይፈስሳል፤ በመመላለሱ ጥርሶቹን ያረጥባል፣ ሙቀታቸውንም ወደ ቤቱ ግድግዳ ያደርሳል፣ ቤቱም በውኃ ስለተከበበ ይቀዘቅዛል። ግሪስ ግን ጥርሱ አንድ ጊዜ ከጠረገው በኋላ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ማርሹ በግሪሱ መካከል ለራሱ ባዶ ጉድጓድ ቆፍሮ በዚያ ውስጥ ደርቆ ይዞራል። በተለይ በቋሚው ዘንግ ላይ ያለው የላይኛው ኩሽኔታ ምንም አይደርሰውም። ባለ 15 ፈረስ ሞተር በቀላል ጭነት ዓመት ሊታገስዎት ይችላል፤ ሰው የሚጭን ባለ 40 ፈረስ ግን የሚቆምበትን ቦታ አይመርጥም፣ ሐይቁ መሐል ላይ ማርሽ አልባ ሆኖ መቅረት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ንፋስ በሚነሣበት ውኃ ላይ ቀልድ አይደለም።

ሥራ ማቋረጥ የማይቻል ከሆነ ከግሪስ ይልቅ ዘይቱን በየሦስት ቀኑ መቀየር ይሻላል። ባለ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ ነው የሚፈጀው።

ከሲያትል

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ በጀልባ መጠገኛ ውስጥ የምሠራ ኢትዮጵያዊ ነኝ። በእኛ በኩል ውኃው ጨው ስለሆነ ብሎኑ ሁሉ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ያስለቅሰናል፤ የጣና ውኃ ጨው የሌለው መሆኑ የእርስዎን ሥራ በግማሽ እንደሚያቀልልዎት ይወቁት።

ስለ ንፋስ ፍተሻው አንድ ነገር ልጨምር። ንፋስ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሐይቁ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ካምቢዮው ሲሠራ ይሞቃል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፣ ያን ጊዜ ከውጭ ውኃውን ወደ ራሱ ይስባል። ንፋስን የሚችል ሲል ስበትን የማይችልበት ጊዜ ስላለ፣ የእጅ መሳቢያ ፓምፕ ያለው ሰው ካገኙ በስበትም ይፈትሹት።

ስለ ማርሹ መውጣት ደግሞ፣ ካምቢዮውን ከመበተንዎ በፊት የመቀየሪያውን ገመድና ማያያዣ ያስተካክሉ። የፊትና የኋላ ማርሾቹ ሁልጊዜ ከፒኒየኑ፣ በቋሚው ዘንግ ጫፍ ካለው ትንሽ ማርሽ፣ ጋር ተጣምረው ይዞራሉ፤ በመካከላቸው በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የሚንሸራተት ክላች አለ፤ ጥርሱ ወደ አንዱ ማርሽ ገብቶ ሲነክስ ነው ዘንጉ የሚዞረው። ማያያዣው አጥሮ ክላቹ በግማሽ ብቻ ከገባ በጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለሚነክስ ጭነት ሲበዛ ይንሸራተታል፣ እየተንሸራተተም ጠርዙን ያዶለዱማል። አንድ ጊዜ ጠርዙ ክብ ከሆነ በኋላ ግን ማስተካከል ብቻውን አያድነውም። መካከለኛ ጋዝ ላይ ማርሹን ቀስ አድርጎ የማስገባት ልማድም ጥርሱን ያበላዋል፤ ማርሽ በዝቅተኛ ጋዝ ላይ፣ ሳያመነቱ፣ በአንድ ምት ነው የሚገባው።

ወደ መበተኑ ሲገቡ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ ከማውለቅዎ በፊት አቅጣጫዋን በጭረት ምልክት ያድርጉባት፤ በአንዳንድ ሞተሮች ከእርሷ ሥር አንድ የተደበቀ ብሎን አለ፣ ያን ሳይፈቱ በካቻቢቴ የሚፈለቅቁ ሰዎች ቤቱን ይሰብራሉ። የኩሽኔታ መያዣው ካልወጣ አይቀጥቅጡት። ቤቱን ከውጭ በሙቀት ያሙቁት፤ አሉሚኒየሙ ሲሰፋ መያዣው በመጎተቻ ይወጣል። የቆዩ ሲሎችን ከማውጣትዎ በፊት ከንፈራቸው ወደየት እንደሚያይ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሁለት ሲሎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ በአንዳንድ ሥሪት ሁለቱም ወደ ፕሮፔለሩ ያያሉ፣ በሌላው ጀርባ ለጀርባ ናቸው። የመኪና መካኒክ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ለማገድ ስለለመደ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አዙሮ ይገጥማቸዋል፤ ያን ጊዜ ዘይት አይወጣም፣ ውኃ ግን እንደልቡ ይገባል።

ቋሚውን ዘንግ ካነሡ ደግሞ ፒኒየኑን የያዘው ኩሽኔታ በብዙ የቆዩ ሞተሮች ላይ ልል የሆኑ መርፌ መሳይ ሮለሮች ስላሉት፣ ዘንጉ እንደወጣ ዝርግፍ ይላሉ። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉና ይቁጠሯቸው። ሲመልሱ በግሪስ ለጥፈው ነው የሚደረድሯቸው፤ አንዲት ከጎደለች ቤቱን እንዳይዘጉት። ከማርሾቹ ሥር ያሉትን ስስ የብረት ቀለበቶችም፣ ሺም የምንላቸውን፣ ከየትኛው ማርሽ ሥር እንደወጡ ለይተው በየፌስታሉ ያስቀምጡ፤ ጥርሶቹ ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚነካከሱ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

የጣና ጀልባ (ጠያቂ)

የሰጣችሁኝን ጊዜ እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ሥራው ስለተጠናቀቀ የሆነውን በዝርዝር ልጻፍ፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

በበርሜሉ ውስጥ ስንነክረው አረፋ ከሁለት ቦታ ወጣ። አንደኛው እንደተጠረጠረው ከፕሮፔለሩ ዘንግ ነው። ሁለተኛው ግን ማንኛችንም ካልጠበቅነው ቦታ፣ ከማርሽ መቀየሪያው ቀጭን ዘንግ ነበር፤ ዘንጉን ካላንቀሳቀስነው ምንም አይወጣም፣ ወደ ፊት ማርሽ ስንገፋው ግን እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጥቃቅን አረፋዎች ይከተላሉ። ለካ ወዳጄ ሁለት ጊዜ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው ክፍት ነበር።

የፕሮፔለሩ ዘንግ በሽቦ ፍተሻው ቀጥ ያለ ሆኖ በመገኘቱ ተመስገን አልኩ። ነገር ግን ከፕሮፔለሩ ጋር ዘንጉ ላይ የሚገባውን ሮንዴላ ስናወልቅ ከሥሩ የዓሣ መረብ ናይለን ጠጉር እስኪመስል ተጠምጥሞ፣ በሙቀት ቀልጦ እንደ ቀለበት ደርቆ አገኘነው። እምቦጩ ውስጥ ተጥሎ የቀረ መረብ ይመስለኛል። ይህ ናይለን የሲሉን ከንፈር በልቶ፣ ከሥሩ ዘንጉ ላይ ጥፍሬን ሳስኬድበት የሚይዘኝ ቦይ ሠርቷል። ስለዚህ ጥፋተኛው ድንጋዩ ላይሆን ይችላል፤ ድንጋዩን የማስታውሰው ድምፁ ስላስደነገጠኝ ነው።

ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ቦዩን በብየዳ ሞልቶ ሊያስተካክለው አስቦ ነበር። የጫሞው መካኒክ በውስጥ መስመር ሲያስረዱኝ፣ የዘንጉ ላይኛ ገጽ በሙቀት የተጠነከረ ብረት ስለሆነ ብየዳ ያለሰልሰዋል፣ ያጣምመዋልም ስላሉኝ ተውኩት። በምትኩ ሲሎቹ በሚቀመጡበት ጉድጓድ ጥቂት ትርፍ ቦታ ስለነበረ ከድሮው ቦታቸው ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀመጥናቸው፤ አሁን ከንፈራቸው የሚያርፈው ባልተበላው የዘንጉ ክፍል ላይ ነው። አቅጣጫቸውም፣ ከሲያትል እንደተነገረኝ፣ ቀድሞ ሁለቱም ወደ ውስጥ ተገጥመው ነበር። መለኪያቸው በጀርባቸው ስለተጻፈ የውስጡን፣ የውጩንና የውፍረቱን ቁጥር ይዤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚኖር ዘመዴ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። የመቀየሪያው ዘንግ ማገጃ በልኩ ስላልተገኘ ልኩ የሚሆን ኦሪንግ ከነመቀመጫው ቶርኖ ቤት ተሠራለት።

የክላቹን ጥርስ ስናየው ወደ ፊት ማርሽ የሚነክሰው ጎኑ ሳሙና መስሎ ዶልዱሟል፤ ወደ ኋላ ማርሽ የሚነክሰው ጎን ግን እንደ አዲስ ነው። ክላቹ ከሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ስለሆነ ገልብጠን ገጠምነው። የፊት ማርሹ ራሱ ጠርዙ ጥቂት ቢበላም አገልግሎት ይሰጣል ተብሏል። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ብዬ የውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፍም ቀየርኩ፤ ክዳኑን ስመልስ ቋሚውን ዘንግ ወደ ሰዓት አቅጣጫ እያዞርኩ ገፋሁት፣ ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተው ገቡ። ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ አየር ሳይቀላቀል ከላይኛው እስኪወጣ ሞላሁና የላይኛውን ብሎን አስቀድሜ ዘግቼ ከዚያ የታችኛውን ዘጋሁ።

ንፋሱን 0.7 ባር ላይ ሞልተን ምሳ በልተን ስንመለስ መለኪያው ከቦታው አልተነቃነቀም። አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራሁበት በኋላ የታችኛውን ብሎን በጥቂቱ አላልቼ አየሁት፤ የወጣው ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት ነው። የፊት ማርሽ ሰው ሞልቶም አይወጣም። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የኋላ ማርሽ አስገብቼ ጋዝ ስጨምር አሁን «ቋ» የሚለው እርሱ ሆኗል።

ከሲያትል

የዶለዶመው ጎን ወደዚያ ስለዞረ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ነው። ወደ ኋላ ሲሄዱ ከዝቅተኛ ጋዝ አይለፉ፤ በተለይ ወደ ወደብ ሲጠጉ ጀልባውን በኋላ ማርሽ ለማቆም አይተማመኑበት፣ ቀደም ብለው ዜሮ ላይ አድርገው በራሱ እንዲቆም ይተዉት። አዲስ ክላችና የፊት ማርሽ ሲያገኙ ሁለቱን አብረው ይቀይሯቸው። እስከዚያው የፕሮፔለሩን ሮንዴላ በየሁለት ሳምንቱ አውልቀው ናይለን እንዳልገባ ይመልከቱ።

ዝዋይ ዳር

የእኔንም ዛሬ ከፈትኩት። ግሪሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ማርሹ በመካከሉ ባዶ ቦታ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የላይኛው ኩሽኔታ ሰማያዊ ሆኗል። ልኩን ለክቼ ነገ ሱቅ እሄዳለሁ፤ የበሳችሁትን ብሎን ጥርስ ልክ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የጫሞ መካኒክ

ሞተሩ ስለሚለያይ የራስዎን የዘይት ብሎን ይዘው ቶርኖ ቤት ይሂዱ፣ እዚያው ይለኩልዎታል። ሮንዴላዎቹንም ሁለቱንም ይቀይሩ።